ለራስ መደርደር ነውር ነውን?

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ትንሽ ጥያቄ አቅርበን ነበር። ጊታርና ክራር የምንለማመድ ዘጠኝ ተማሪዎች ነን። በሳምንት ሁለት ምሽት አንድ ባዶ የመማሪያ ክፍል እንዲከፈትልን፣ ከማኅበሩም ሣጥን ለጅማት መግዣ የሚሆን ጥቂት ብር እንዲፈቀድልን ለመንን። ጥያቄያችን በአጀንዳው መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ራት እንዳያመልጠው በሚቁነጠነጥበት ሰዓት ቀረበ፤ አምስት ደቂቃም ሳይሞላ ወደቀ። በዚያው ስብሰባ ለምረቃው በዓል የድምፅ ማጉያ ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ያለ አንዳች ክርክር ጸድቋል።

ያስቆጣን መውደቁ አይደለም። በእጅ ብልጫ የወደቀ ነገር በእጅ ብልጫ ይነሣል። ያስቆጣን የተሰጠው ምክንያት ነው። አንደኛው ተናጋሪ ተነሥቶ «ተማሪ የመጣው ለትምህርት እንጂ ለአዝማሪነት አይደለም» አለ። ሁለተኛው «ይህ የስፔን ዜማ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው? ባህላችንን እንጠብቅ እንጂ!» ሲል ደረቱን ነፋ። ሦስተኛው፣ እርሱ እንኳ ወዳጃችን ነው፣ «በመድረክ የምታቀርቡት ነገር ካለ እሺ፤ ለራሳችሁ ለመደሰት ከሆነ ግን ማኅበሩን ምን አገባው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም በዚያ ምሽት አፋችን ተይዞ ስለ ቀረ መልሳችንን እነሆ በጽሑፍ እናቀርባለን።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ለመሆኑ አዝማሪ መባል ስድብ ነውን? ማሲንቆውን ይዞ በጌቶች ግብዣ መካከል ቆሞ፣ ሌላው በሹክሹክታ እንኳ የማይደፍረውን ነቀፋ በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ከአዝማሪ ሌላ ማን ነበረ? እርሱን ለሠርግ ጠርቶ እስኪነጋ ማዘፈን፣ በማግሥቱ ግን ልጁን ለጋብቻ መንፈግ የቀድሞው ማኅበራዊ ኑሮ ግፍ እንጂ የአዝማሪው ነውር አይደለም። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ውርደት በሚቈጠርበት ዘመን ክራሯን አንሥታ የወጣችው አስናቀች ወርቁ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታርፍ ትልቅ አርቲስት ተብላ ተቀበረች። ዛሬ ስሟን በኩራት የሚጠራ ተማሪ በጎረቤቱ መኝታ ክፍል የክራር ድምፅ ሲሰማ አፍንጫውን ቢነፋ እርስ በርሱ የሚጣላ ሰው ነው።

ይሁንና ተናጋሪያችን የሳተው በዚህ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሁለት ዓይነት ደርዳሪ ነበረ፤ እርሱ ግን አንዱን ብቻ ያውቃል። አንዱ ለሌላው የሚጫወት ነው፤ ኑሮውም ከዚያ ነው። ሁለተኛው በቤቱ ጥግ ተቀምጦ ለራሱና ለፈጣሪው የሚደረድር ነው። የዚህ የሁለተኛው መሣሪያ በገና ነው። በገና አሥር ጅማት አለው። ጅማቱ ከበግ አንጀት የሚፈተል ሲሆን በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ያን ከደረት የሚወጣ የሚመስል እዝታ ትሰጠዋለች። በበገና አይጨፈርበትም። በጠጅ ቤት ደጃፍ አይቆምበትም፤ ሳንቲምም አይለቀምበትም። መኳንንቱም መነኩሴውም በጾም ወራት እቤቱ ተቀምጦ ይደረድረው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሳይቀሩ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። ታዲያ ዐፄ ቴዎድሮስን አዝማሪ የሚል ይነሣ!

ፈረንጆች ሙያው ሳይሆን ፍቅሩ የሚያስጫውተውን ሰው አማተር ይሉታል። ቃሉ የእነርሱ ነው፤ ነገሩ ግን የእኛም ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሳችን በላይ ያለውን ኮረብታ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እንጦጦ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ ጎረቤታቸው ሆነው መጡ። ልጁ የጎረቤቱን በገና ሰማ፣ ወደደ፣ ተማረ። ይኸው ነው ታሪኩ። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። መንፈሳዊ ዜማ በመንግሥት ዘንድ በማይወደድበት በዚያ ዘመን ከማስተማሩ ተለይተው ፒያሳ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ በገናውን ግን አልተዉትም። የኑሮው ምንጭ ሱቅ፣ የነፍሱ ምንጭ በገና የሆነ ሰው እንግዲህ ይህ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ከሥራና ከትምህርት መልስ በገናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለልምምድ የሚሄዱት ወጣቶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። አስጨብጫቢ በሌለበት ዘመን ጥቂቶች ለራሳቸው መደርደራቸውን ስላላቆሙ የተገኙ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተናጋሪ እንሂድ። «ጊታር የባዕድ ነው» ይለናል። እውነት ነው፤ ዛሬ ክላሲክ ጊታር የምንለውን ቅርፅ የሰጠው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው የስፔኑ ጠራቢ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ነገር ግን ስሙን እንመርምር። ጊታር የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ወደ ስፔን ከመድረሱ በፊት መነሻው የጥንት ግሪኮች ኪታራ ነው። ኪታራስ ምን ነበረ? ሁለት ክንድ፣ በላዩም የተጋደመ ቀንበር ያለው፣ ጅማቱ ከቀንበሩ ወደ ታች የተወጠረ መሣሪያ ነበረ። ይህን መልክ ያላወቀ ኢትዮጵያዊ ካለ አንድ ቀን ክራር እናሳየው! የክራር ቤተ ዘመድ የሆነው መሣሪያ ከአውሮፓ ጠፍቶ ስሙን ለጊታር አወረሰ፤ እኛ ዘንድ ግን ራሱ መሣሪያው በሕይወት አለ። እንግዲህ በስም በኩል ከሄድን ጊታር ባዕድ ሳይሆን የሩቅ የአክስት ልጅ ነው።

የእጁን ሥራማ ክራር የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክራር ሁለት አመታት አለው፦ ግርፍና ድርድር። ግርፉ ጅማቶቹን ባንድነት ጠርጎ መምታት ነው። ድርድሩ ግን እያንዳንዱን ጅማት በየጣቱ ለይቶ መንካት ነው። በየቡና ቤቱ የምንሰማው የጊታር አመታት አብዛኛው ግርፍ ነው፤ የክላሲክ ጊታር ጥበብ ደግሞ ድርድር ነው። ከመካከላችን ክራር ከቤቱ ተምሮ የመጣው ልጅ ጊታሩን በያዘ በሁለተኛው ሳምንት የቀኝ እጁ ቀድሞን ሄደ። ክራሩ ለጊታሩ መምህር ሆነው። በተራው ደግሞ ጊታሩ ለክራሩ ውለታውን መለሰ፤ ኖታ ማንበብ የተማርን እንደ ሆነ አንድ ሽማግሌ የሚደረድሩትን ዜማ በወረቀት ጽፈን ማስቀረት ጀመርን። በትዝታ ሙሉ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ስድስተኛውን ጅማት ለመጀመሪያው ድምፅ እጥፍ ስንሰጥ፣ አያቶቻችን በጆሮ የሚያውቁትን ነገር ለማስረዳት ቃል አገኘን።

«ባዕድ ባዕድ» የሚለን ወንድማችን ስብሰባውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ በምን ጥላ ሥር እንደሚያልፍ አስተውሎ ያውቃልን? የእንጦጦን ተራራ የሸፈነው ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ እኛ ዘንድ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ነፋሻውን የባንድ ሙዚቃችንንም ብንመረምር እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ጥሩምባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገብተው እናገኛለን። ከዚያ ወዲህ ያለው የጥሩምባና የሳክስፎን ሙዚቃችን ዛሬ በዓለም ፊት «የኢትዮጵያ» እየተባለ ይጠራል። ማንም ኢትዮጵያዊም ባዕድ ነው ብሎ አይክደውም።

ግን ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ አንመልከት። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጠቅሞናል፤ ነገር ግን ውሃ ይመጥጣል፣ በሥሩም ሌላ ቡቃያ በደንብ አያድግም። ጽድና ወይራ ከኮረብታችን እየተመናመኑ መሄዳቸውን የማያዝን የለም። ወንድማችን የፈራው ይህን ከሆነ ፍርሃቱን እንካፈለዋለን። ሕፃኑ ሁሉ ጊታር ሲያነሣ ክራርና በገና ሰቀላ ላይ አቧራ ቢጠጡ ወየው ለእኛ! መድኃኒቱ ግን ባሕር ዛፉን መርገም ሳይሆን ጽዱን አጠገቡ መትከል ነው። ለዚህም ነው በጥያቄያችን ላይ «ጊታርና ክራር» ብለን የጻፍነው። ጥያቄውን ያጣጣለው ሰው ክራር የሚለውን ቃል ሳያነብ ስለ ባህል አስተማረን። ለመሆኑ እርሱ ራሱ ስንት ቅኝት ይቃኛል? ባህልን በንግግር የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ በጣቱ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የከበደን የሦስተኛው፣ የወዳጃችን፣ ጥያቄ ነው። «ለመድረክ ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ይህ ጥያቄ ጨዋ መስሎ የቀረበ ቢሆንም ከሦስቱ ይበልጥ አደገኛው እርሱ ነው። ምክንያቱም የዘመኑ በሽታ በእርሱ ውስጥ ተኝቷል፤ ሌላ ሰው ያላየው ነገር እንዳልሆነ ይቈጠራል፤ ያልተሸጠ ነገር ዋጋ የለውም ይባላል። አንድ ልጅ ሦስት ኮርድ በተማረ በሳምንቱ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ራሱን ይቀርጻል። ከተመልካች በፊት መሣሪያውን፣ ከመሣሪያውም በፊት ጆሮውን ማስተማር እንዳለበት የሚነግረው የለም።

ለወዳጃችን በምሳሌ እንመልስለት። ማኅበራችን በየዓመቱ ኳስ ይገዛል። ኳሱ ሲገዛ «ብሔራዊ ቡድን የሚገባ ካለ እሺ፤ ለመደሰት ብቻ ከሆነ ግን ምን አገባን?» ብሎ የጠየቀ አለን? የለም። ተማሪ ከሰዓት በኋላ ኳስ ቢራገጥ ሰውነቱ እንደሚጠነክር፣ ጓደኛውን እንደሚያውቅ፣ ከጭንቀቱም እንደሚገላገል ሁላችንም እናምናለን። ታዲያ ለእግር የተፈቀደው ለጣት ለምን ይከለከላል?

አማተር መሆን ደግሞ ለሰነፍ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የጣልያኑ ማቴዎ ካርካሲ ለተማሪዎች የጻፋቸው 25 ልምምዶች አሉ። ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ለመጨረስ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጅቶበታል። የፍራንሲስኮ ታሬጋ «ላግሪማ» የምትባለው፣ «እንባ» ማለት ናት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል የምትፈጅ አጭር ሥራ ናት፤ በደስተኛው ሚዛን ጀምራ ወደ ኀዘንተኛው ትሻገርና ተመልሳ ትገባለች። ይህችን ሁለት ደቂቃ ያለ ስሕተት ለመጫወት ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የሞከረ ያውቃል። የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ እስኪደነድን ይላጣል፣ የቀኝ እጅ ጥፍር በልክ ይሞረዳል፣ አንድ መሥመር መቶ ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ብልጠት፣ ዘመድ፣ ማስታወቂያም የማያሳጥሩት መንገድ መኖሩን ይማራል። ፈተናን በሌላ ሰው ወረቀት ማለፍ ይቻል ይሆናል። ላግሪማን ግን ማንም ለማንም ሊጫወትለት አይችልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አስተማሪ ሁሉ ይነግረናል፤ በጣታችን ያሳየን ግን ጊታር ነው።

መድረክ ሳይፈልግ ትልቅ የሆነ ሰው የለም ለሚልም ምስክር አለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በካይሮም በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቀጠሉ። ታላቅ የመድረክ ሙያተኛ ሊሆኑ ሲችሉ መነኑ። ከቆብ በኋላም ፒያኖአቸውን አልተዉም፤ ከሸክላዎቻቸው የተገኘውንም ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዓለም በሙሉ ያዳምጣቸው ነበር። እርሳቸው ግን የኖሩት ጭብጨባ ፍለጋ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሙግታችንን ትልቁን ዕዳ መክፈል አለብን። ከስብሰባው በኋላ ከራሳችን ከዘጠኙ አንዱ በደረጃው ላይ አስቁሞ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ከፍ ብለን በምንቀመጥበት መንገድ እናቶች የማገዶ ሸክም ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እኛ ዳር ተቀምጠን ጊታር እንደረድራለን። ይህ አያሳፍርምን?» ከሦስቱ ተናጋሪዎች ማንም ያላለውን እርሱ አለው። እውነቱን እንናገር፤ ያሳፍራል።

ክፍል ስለ ተከለከልን ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወዳለው ተዳፋት መውጣት ጀምረናል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ዐረፉ። እኛም አፍረን አቆምን።

«ምነው ተዋችሁት?» አሉ።

«እንዳንረብሽዎ ብለን ነው፣ እማማ።»

«ይኼ በገና ነው?»

«አይደለም፣ ጊታር ነው።»

«ጾም አይደለም እንዴ? በገና ይሻል ነበር» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «እስቲ ያንን ቀስ ያለውን ድገሙት፤ እስክነሣ ድረስ» አሉን።

ደገምነው። ሲያበቃ ሁለታችን ሸክሙን አንሥተን ጀርባቸው ላይ አደረግንላቸው። ክብደቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዐወቅን። ሙዚቃው ሸክሙን ቅንጣት ታህል አላቀለለውም፤ አቀለለው ብሎ የሚጽፍ ውሸታም ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። የመጀመሪያው፣ ለሸክሙ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ እርሱም የሥራና የፍትሕ ነገር ስለ ሆነ ማኅበራችን ሊጠይቅና ሊታገልለት ይገባል፤ ጊታራችንም የዚያ ምትክ ነው ብለን አንዋሽም። ሁለተኛው፣ ጥሩ ነገር ማድመጥ ሸክም ለሌለው ሰው ብቻ የተፈቀደ ነው ብሎ ማሰብ ራሱ ንቀት ነው። እኒያ እናት ምርጫ ነበራቸው፣ ፍርድም ነበራቸው፤ በገና ይሻል እንደ ነበርም ነገሩን። ትክክል ነበሩ። የእኛ የሥራ ድርሻ ዕረፍትን ከእኛ ወስዶ ማጥፋት ሳይሆን ዕረፍት ለእርሳቸውም እንዲደርስ መታገል ነው። ከሁላችን ላይ ዜማ ቢነጠቅ የማንም ሸክም አይቀልም።

እንግዲህ የምንጠይቀውን አጥርተን እንናገር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ እንዲገባ።

አንደኛ፦ በሳምንት ሁለት ምሽት ክፍል ይከፈት። ወንበር እንጂ መድረክ አንፈልግም፤ መብራት ሲጠፋም ጊታርም ክራርም በጨለማ ይሠራሉ።

ሁለተኛ፦ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ከተመደበው ላይ ጥቂቱ ተቀንሶ የጊታርና የክራር ጅማት ይገዛበት። ድምፅ ማጉያው በምረቃው ማግሥት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ጅማቱ ግን ዓመቱን ሙሉ እኛ ዘንድ ይሰነብታል።

ሦስተኛ፦ ከእንጦጦ ሥር ባሉት ሰፈሮች በገና የሚያውቁ አባት ተፈልገው በጾሙ ወራት እንዲያስተምሩን በክብር ይጠየቁ፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። የእኒያን እናት ምክር የምንፈጽመው በዚህ ነው።

አራተኛ፦ ከተማርነው ላይ ማንም ለመድረክ እንዲያቀርብ አይገደድ። ማቅረብ የፈለገ ያቅርብ፤ ያልፈለገም ለራሱ ይደርድር።

ለአንደኛው ተናጋሪ፦ ትምህርት ማለት መጽሐፍ ማገላበጥ ብቻ ከሆነ አያቶቻችን በዜማ ቤት ያሳለፉትን ዓመታት ምን ልትለው ነው? ለሁለተኛው፦ ባህል የምትወድ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ና፤ አንድ ትርፍ ክራር አለን፣ ቃኝተንም እንጠብቅሃለን። ለሦስተኛው፣ ለወዳጃችን፦ ባለፈው ወር ከኮሪደሩ ቆመህ በራችንን ሳታንኳኳ ግማሽ ሰዓት ስታዳምጥ አይተንሃል። ማንም አላጨበጨበም፤ አንተም አልሄድህም። ለጥያቄህ መልሱ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

እጅ ይቈጠር!